እማዬ፣ ዳዊቱን በአቅምሽ ድገሚ

ለውድ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ከጡረታ በኋላ የቤተ ክርስቲያን መጻሕፍትን በሥርዓት ማንበብ ፈልገሽ ከየት እንደምትጀምሪ የጠየቅሽኝ ነገር በስልክ የሚያልቅ ስላልሆነ ጻፍኩልሽ።

መሠረትሽ ዳዊት ይሁን። 150ው መዝሙር በ15 ንጉሥ ይከፈላል፤ አንዱ ንጉሥ አሥር መዝሙር ነው። ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ እስከ 60፣ ረቡዕ እስከ 80፣ ሐሙስ እስከ 110፣ ዓርብ እስከ 130፣ ቅዳሜ እስከ 150፤ እሑድ ጸሎተ ነቢያትና መኃልየ መኃልይ። አንቺ ግን ከየዕለቱ ድርሻ አንድ ንጉሥ ብቻ ያዢ። ሰው ዳዊት መድገም የሚያቋርጠው አብዛኛውን ጊዜ ሙሉውን በአንዴ ጀምሮ፣ ያመለጠውንም እንደ ዕዳ እያጠራቀመ ነው። ሰኞ ካመለጠሽ አልፏል፤ ማክሰኞ የማክሰኞን ድገሚ። ረቡዕና ዓርብ ሁለት ሁለት ንጉሥ በመሆናቸው ቀላል ይመስላሉ፤ ነገር ግን ረቡዕ 72 ቁጥር ያለው 77ኛው፣ ዓርብ ደግሞ 176 ቁጥር ያለው 118ኛው አለባቸው። 118ኛው አሌፍ፣ ቤት፣ ጋሜል እየተባለ በ22 ፊደል፣ ለየፊደሉ ስምንት ቁጥር ሆኖ ስለተከፈለ በየዓርቡ ሁለት ፊደል ብትወስጂ ይበቃሻል።

ሰባኪው መዝሙር 51 ሲል በአንቺ ዳዊት «ተሣሃለኒ» 50ኛው ነውና ግራ አይግባሽ። የግእዙ የሰባ ሊቃናትን፣ ማለትም የጥንቱን የግሪክ ትርጉም፣ አቆጣጠር ስለሚከተል፣ ዕብራይስጡ 9 እና 10 ብሎ የለያቸውን አንድ አድርጎ ይቆጥራል። ከዚያ በኋላ አብዛኛው በአንድ ቁጥር ወደ ኋላ ይቀራል፤ ከ148 ጀምሮ እንደገና ይገናኛሉ።

በግእዝ ከደገምሽ በኋላ ከዚያው ውስጥ አንዱን መዝሙር በአማርኛ ቀስ ብለሽ አንብቢ። ከእሱም አንድ ቁጥር ያዢና በዕለቱ የምትሠሪው ነገር ፈልጊለት፦ «አንደበትህን ከክፉ ከልክል» የሚለው ከደረሰሽ ያን ቀን ቡና ላይ ስለ ሌላ ሰው የሚነሣውን ወሬ መተው ነው። ይህን የማያስከትል ንባብ ገጽ መቁጠር ብቻ ይሆንብኛል። ውዳሴ ማርያምን ከልጅነትሽ ጀምሮ ስለምታውቂው ስለ እሱ አልጽፍልሽም።

ለወንጌል አንድምታውን፣ ማለትም የሊቃውንቱን ትርጓሜ፣ ያዢ፣ በቀን ከአምስት እስከ ሰባት ቁጥር። መጀመሪያ ንባቡን ብቻ ሁለት ጊዜ፣ ቀጥሎ ትርጉሙን፣ ከዚያ «አንድም» የሚሉትን እንዳቅምሽ። አንድምታ የሚያደክመው ሁሉንም «አንድም» በአንድ ቁጭታ ለመያዝ ሲሞከር ነው፤ አንዱ ልብሽን ከነካው እዚያ ላይ ቁሚ። የቅዱሳንን ታሪክ የያዘው ስንክሳር በቀኑ የሚነበብ ነው፤ ብዙ ቅዱሳን የሚታሰቡበት ቀን ከሆነ የአንዱን ብቻ አንብበሽ አርኬውን፣ መጨረሻው ላይ ያለውን አጭር የግጥም ውዳሴ፣ ድገሚ።

አሁን አጥብቄ ልነግርሽ የምፈልገው ይኸውልሽ። ማር ይስሐቅ በተባለው መጽሐፍ እንደማትጀምሪ ቃል ግቢልኝ። መጽሐፉ እጅግ ውድ ነው፤ የነነዌው ይስሐቅ ግን ጵጵስናውን በጥቂት ወራት ትቶ ወደ በረሃ የገባ መነኩሴ ነው፣ የጻፈውም በጽሙና ለሚኖሩ መነኮሳት ነው። ስለ ትሕትናና ስለ ምሕረት የሚናገረው ለሁላችንም ይሆናል፤ የጾሙና የትጋቱ መጠን ግን የአንቺ መለኪያ አይደለም። ገድልም እንዲሁ ነው። አቡነ ተክለ ሃይማኖት በደብረ አስቦ ሰባት ዓመት በአንድ እግር መቆማቸውን ስታነቢ እግዚአብሔርን አመስግኚ፣ በረከታቸውን ለምኚ፤ በታመመ ጉልበትሽ ግን ንጉሡን ሙሉ ቆመሽ ለመድገም አትነሺ። «ተሣሃለኒ» ላይ ቁሚ፣ ሌላውን ተቀምጠሽ ድገሚ።

የስኳር መድኃኒትሽም ነገር አለ። ግሊቤንክላማይድ ወስደሽ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከጾምሽ ስኳርሽ ሊወርድ ይችላል፤ ላብ፣ መንቀጥቀጥና ብዥታ ምልክቶቹ ናቸው። ያን ጊዜ ጸሎቱ እስኪያልቅ ሳትጠብቂ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጠሽ ጠጪ፣ ከዚያ ምግብ ቅመሺ። ፍትሐ ነገሥትም በ15ኛው አንቀጹ ስለ ጾም ሲያዝዝ የታመመውን ለይቶ ያያል። የሰዓቱን ነገር ከንስሐ አባትሽ፣ የመድኃኒቱን ከሐኪምሽ ጋር ጾሙ ሳይገባ ተነጋገሪ። ከመጽሐፍ ራስሽ አንብበሽ አትወስኚ።

ስለ ዓይንሽ፦ መጽሐፉን አትሮንስ ላይ አድርጊው፣ ከዓይንሽ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ይራቅ። መብራቱ ከፊትሽ ሳይሆን በትከሻሽ በኩል ይምጣ። በቀይ ቀለም የታተሙት ስሞች በደካማ ቢጫ አምፖል ስለሚደበዝዙ ነጭ አምፖል ይግባልሽ። መነጽር አድርገሽም መብራቱ ዙሪያውን ከተበተነብሽ ሞራ ሊሆን ስለሚችል ሌላ መነጽር ከመግዛትሽ በፊት ታዪ።

ፊደሉ የጎላ ዳዊት በሚመጣ ሰው እልክልሻለሁ። እስከዚያው በያዝሽው ከሰኞ ጀምሪና የትኛው ንጉሥ እንደከበደሽ ንገሪኝ።

የሚናፍቅሽ ልጅሽ