ዘፈኑን ስትጋብዙን የሠሪውንም ስም ጥሩልን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። የመስቀል በዓል አለፍ ሲል የሙዚቃ አቀናባሪው የኤልያስ መልካ ሙት ዓመት ይመጣል። ያረፈው በ2012 ዓ.ም. ከመስቀል በኋላ ባለው ሳምንት ነው። ገና በ40ዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበር። ለዘመድ እንኳ አርባው ወጥቶ፣ ተዝካሩ ተበልቶ፣ ሰው ወደ ሥራው ይመለሳል። እኔ ግን በአካል አግኝቼው ለማላውቅ ሰው እስካሁን ሐዘኔ አልወጣልኝም። ቤት ውስጥም ያስቀልድብኛል። «አሁንም በኤልያስ ነህ?» ትለኛለች ባለቤቴ። አዎ፣ አሁንም በኤልያስ ነኝ።

ዘፋኝ ሲሞት ሰው ምን እንዳጣ ያውቀዋል። ድምፁ አለ፣ መልኩ አለ፣ ክሊፑ አለ። ያለቅሳል፣ ይወጣለታል። ኤልያስ ግን ከኋላ ነበር። ብዙዎቻችን «ይሄም የሱ ነው እንዴ?» ማለት የጀመርነው ከሞተ በኋላ ነው። ያን ሰሞን መሥሪያ ቤታችን ሻይ ሰዓት ላይ ሌላ ወሬ አልነበረም። አንዱ የእዮብ መኮንንን «እንደ ቃል» ያነሳል። ሌላዋ የሚካያ በኃይሉን «ሸማመተው» ትላለች። የዘሪቱ ከበደን የመጀመሪያ አልበም የጠራም ነበር። እኔ እነዚህን ሁሉ ለየብቻ ነበር የምወዳቸው። ከሁሉም ጀርባ አንድ ሰው አለ ብዬ አስቤ አላውቅም።

ለዚህ ነው የኤልያስ ሞት በአንድ ቀን ያላለቀልኝ። ታክሲ ውስጥ የሆነ ዘፈን እሰማለሁ። ደስ ይለኛል። ማን አቀናበረው ብዬ ሳጣራ እሱ ሆኖ ይገኛል። መርዶው እንደ አዲስ ይነገረኛል።

«እንደ ቃል»ም «ሸማመተው»ም የወጡት በሚሌኒየሙ አካባቢ ነው። እስቲ ጊዜ ሲኖራችሁ ሁለቱን አከታትላችሁ ስሟቸው። «እንደ ቃል» ሬጌ ነው። ቤዙ ረጋ ብሎ ይሄዳል፣ ጊታሩ በምቶቹ መሀል ነካ ነካ እያደረገ ያልፋል። እዮብ ደግሞ ሳይቸኩል ከላይ ይዘፍናል። የሚካያ ሌላ ዓለም ነው። እሷ ጮኻ አትዘፍንም። ሙዚቃውም ያንን ያውቃል፣ አይጋፋትም። የአንድ ሰው ሥራ ናቸው ቢሏችሁ አታምኑም። ጎበዝ አቀናባሪ ማለት ለኔ ይሄ ነው፤ ዘፋኙን ራሱን እንዲሆን የሚተው። ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ቼሎ የተማረው፣ ጊታርም የሚጫወተው ኤልያስ፣ በገና ስቱዲዮን ከፍቶ ሌሎችን ከፊት እያቆመ ኖረ።

እዮብ በነሐሴ 2005 ለሕክምና በሄደበት ናይሮቢ አረፈ። ሚካያም ከኤልያስ ቀድማ ሄደች። አሁን እነዚያን አልበሞች ስከፍት ዘፋኞቹም የሉም፣ ሙዚቃውን የሠራላቸውም የለም። ይሄ ከባድ ነው።

ወደ ቅሬታዬ ልግባ። በቅርቡ አንድ የኤፍ ኤም ጣቢያ (ስሙን ተዉት፣ ሌሎቹም ከዚያ አይሻሉም) ለኤልያስ መታሰቢያ ፕሮግራም አዘጋጅቶ ነበር። ከልጄ ጋር ቁጭ ብለን ሰማነው። አቅራቢው «የሙዚቃው ሊቅ» አለ፣ «የማይተካው» አለ። ከዚያ ዘፈን ለቀቀ። «በእዮብ መኮንን ነበር የሰማችሁት» አለ። ሌላ ለቀቀ። «በዘሪቱ ከበደ ነበር» አለ። እንዲህ እያለ አለቀ። ኤልያስ ግጥሙን ይጻፈው፣ ዜማውን ይድረሰው፣ ያቀናብረው፣ አንድም ጊዜ ከአቅራቢው አፍ አልወጣም። ልጄ ዞር ብሎ «አባዬ፣ ኤልያስ የሚዘፍነው የትኛው ላይ ነው?» አለኝ። ምን ልበለው?

በካሴት ጊዜ ቢያንስ ወረቀቱ ነበረ። እንደ አኮርዲዮን ታጥፎ ሽፋኑ ውስጥ ይገባል። ስትዘረጉት ከፎቶው ጀርባ በደቃቅ ፊደል ግጥም እገሌ፣ ዜማ እገሌ፣ ቅንብር እገሌ፣ ሚክሲንግ እገሌ ይላል። ቤዝ የተጫወተው ሳይቀር ይጠቀሳል። መጨረሻ ላይ ደግሞ ያ ረጅም ምስጋና አለ፣ ከፈጣሪ ጀምሮ እስከ ሰፈር ጓደኛ። ዛሬ ዘፈኑ በፍላሽ ይዞራል። የመኪናው ቴፕ ላይ የሚታየው «ያልታወቀ አርቲስት» የሚል ጽሑፍ ነው። በዚህ ላይ ሬዲዮውም ስም ካልጠራ ከየት ይሰማ?

ስም መጥራት እኮ ውለታ አይደለም፣ ሕግ ነው። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራውን ያመነጨ ሰው የሥራው ባለቤት መሆኑ እንዲታወቅለት መብት ይሰጠዋል። የገንዘብ ጥቅሙም ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ለወራሾቹ ይቆያል። በ2007 ዓ.ም. ሲሻሻል ደግሞ የሮያሊቲ (ሥራው ሲጫወት ለባለቤቱ የሚከፈለው ገንዘብ) አሰባሰብ ጉዳይ ገባበት። ኤልያስ በመጨረሻ ዓመታቱ የደከመው ለዚሁ ነበር። ከሙያ ጓደኞቹ ጋር የጀመሩት፣ «አውታር» የተባለው በስልክ ሙዚቃ መሸጫ መተግበሪያ ሥራ የጀመረው በ2011 ዓ.ም. ነው፣ እሱ ከማረፉ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ። የሠራው ሰው ከሥራው እንዲበላ ሲታገል የሞተን ሰው፣ በሙት ዓመቱ ምን እንደሠራ ሳይነግሩን ዘፈኑን ብቻ ማጫወት ትንሽ አያሳፍርም?

ነገሩ የቆየ መሆኑን አላጣሁትም። ጥላሁን ገሠሠን የማያውቅ የለም። የክብር ዘበኛ ኦርኬስትራውን አቀናባሪ ሣህሌ ደጋጎን ግን ስንቱ ያውቀዋል? የሙዚቃ አስተማሪና አቀናባሪ የነበረውን ነርሲስ ናልባንዲያንንስ? ስማቸውን የሚያነሱት የሙዚቃ ሰዎችና ጥቂት ወዳጆች ናቸው። ሕዝቡ ፊቱን ያየውን ሰው ቢያለቅስ አይፈረድበትም። ፊቱን ያላየውን የማስተዋወቁ ሥራ የእናንተ የጋዜጠኞቹ ነው።

ልመናዬ ቀላል ነው። ሬዲዮ ላይ ዘፈኑ ሲያልቅ ሦስት ስም ለመጥራት ስንት ሰከንድ ይፈጃል? ለአሮጌ ማስታወቂያ ሦስት ደቂቃ ይገኝ የለም እንዴ። የናንተም የኪነ ጥበብ ገጽ ከወቀሳው አያመልጥም። ስለ አዲስ አልበም ስትጽፉ ዘፋኟ የለበሰችው ቀሚስ ተገልጾ፣ አቀናባሪው ሳይጠቀስ ያለፈበትን ጽሑፍ አንብቤያለሁ።

ለመጪው መስከረም ደግሞ «ሊቅ ነበር» የሚል ጽሑፍ እንዳትደግሙብን። ከኤልያስ ጋር ስቱዲዮ ያደሩትን ሰዎች ፈልጉልን። ቤዝ የተጫወቱትን፣ ድምፅ የቀረጹትን፣ በአጃቢነት የዘፈኑትን አነጋግሩ። «እንደ ቃል» እንዴት እንደተሠራ፣ ስንት ጊዜ ፈርሶ እንደተሠራ፣ ማን ከማን ጋር እንደተጨቃጨቀ ይንገሩን። በሕይወት እያሉ ጠይቋቸው። ገጹ ካልበቃ የኔን ደብዳቤ ቆርጣችሁ ጣሉት፣ ቅር አይለኝም።

አክባሪያችሁ፣
የዘወትር አንባቢያችሁ
ከአዲስ አበባ