የፈንግል ክትባት «አልሠራም» ከመባሉ በፊት

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር በ2015 ዓ.ም ከተጀመረ ወዲህ ዶሮ የሚያረባው ሰው እየበዛ ሲሆን፣ ፈንግል ለተባለው ገዳይ የዶሮ በሽታ የሚሰጠው «የፈንግል ክትባት አይሠራም» የሚለው ወሬም አብሮ በርክቷል። በእንስሳት ጤና ባለሙያነት ያገለገልሁ ጡረተኛ ነኝና ይህን ወሬ በዝምታ ማለፍ አልቻልሁም።

አምና ግንቦት ላይ እኔም 20 ቄቦች ገዝቼ ነበር። ሻጩ «የ45 ቀን ናቸው፤ ሁሉም ተከትበዋል» አለኝ። በየትኛው ክትባት፣ በስንተኛው ቀን፣ በምን መንገድ ብዬ ስጠይቅ ግን የሚመልስልኝ አልተገኘም፤ እኔም እያወቅሁ ዝም ብዬ ወሰድኋቸው። ከገዛኋቸው ወር ሳይሞላ አረንጓዴ መቅዘን ጀመሩ፣ የአንዳንዶቹም አንገት ተጠማዘዘ፤ ከሃያዎቹ 17ቱን ቀበርሁ።

ጫጩት ከተከተበች ወይም በሽታውን ካለፈች እናት ከተገኘች፣ በአስኳሉ በኩል የተላለፈላት አንቲቦዲ (በሽታ የሚከላከል የደም ንጥረ ነገር) በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እየተመናመነ እስኪያልቅ ድረስ ይጠብቃታል። ሆኖም ይኸው አንቲቦዲ ገና በብዛት ሳለ የሚሰጠውን ሕያው ክትባት ሊያከሽፈው ስለሚችል፣ አንድ ጊዜ ብቻ ከትቦ መተው አያስተማምንም፤ ኤችቢ1 የተባለው የፈንግል ክትባት በመጀመሪያዎቹ ቀናት በዓይን ጠብታ ተሰጥቶ ከሳምንታት በኋላ ላሶታ በተባለው ሌላ የፈንግል ክትባት የሚደገመውም ለዚህ ነው።

ከዚህ የከፋው ጉምቦሮ የተባለው ሌላ የዶሮ በሽታ ነገር ነው። የጉምቦሮ ቫይረስ የሚያጠቃው ቡርሳ የተባለውን፣ አንቲቦዲ የሚሠሩት ሕዋሳት የሚጎለብቱበትን ትንሽ ከረጢት ሲሆን፣ በይበልጥ የሚበረታውም ጫጩቶቹ ከ3 እስከ 6 ሳምንት ዕድሜ ላይ ሳሉ ነው። ከሞት የተረፉት ጤነኛ ቢመስሉም የፈንግል ክትባት ሲሰጣቸው ሰውነታቸው የሚገባውን ያህል መልስ አይሰጥም። እንግዲህ 45 ቀን ማለት ከ6 ሳምንት ትንሽ የዘለለ ዕድሜ ነው፤ ገዢው የሚረከበው ይህን አደገኛ ወቅት ሌላ ሰው ቤት ያሳለፈ ዶሮ ነው፣ በዚያ ጊዜ ምን እንደደረሰበት የሚናገር አንዲት ወረቀት እንኳ ሳይኖር።

አሰጣጡም ጣጣ አለው። ክትባቱ ሕያው ቫይረስ በመሆኑ ክሎሪን ባለበት የቧንቧ ውኃ ከተበጠበጠ ይሞታል፤ በመጠጥ ውኃ የሚሰጥ ከሆነ ክሎሪን የሌለበት ውኃ መጠቀም፣ ስብ የወጣለት የዱቄት ወተት በሊትር 2.5 ግራም ያህል መጨመርና ዶሮዎቹ በ2 ሰዓት ውስጥ ጠጥተው እንዲጨርሱት አስቀድሞ ማስጠማት ያስፈልጋል። ብልቃጡን በኪሱ ይዞ በፀሐይ ሲዞር የሚውል ከታቢ አይቼ አውቃለሁ፤ ምን እንደከተበ እግዜር ይወቀው።

ማቀዝቀዣ በሌለበት ገጠር ሙቀትን የተሻለ የሚቋቋመውና ቢሾፍቱም የሚመረተው አይ-2 የተባለው የፈንግል ክትባት አለ፤ በየ4 ወሩ አንዲት ጠብታ ዓይን ውስጥ ማድረግ ይበቃዋል። ችግሩ አንዱ ብልቃጥ ለመቶዎች የሚበቃ ሆኖ ሳለ በየቤቱ ያሉት ዶሮዎች አምስት ስድስት መሆናቸው ነው። ስለሆነም ቀበሌው አንድ ቀን ቆርጦ፣ ፈንግል የሚበረታበት የክረምት መግቢያ ከመድረሱ ከሳምንታት በፊት፣ ሁሉንም በአንድነት ማስከተብ አለበት። የጎረቤት ዶሮ መርገፍ ከጀመረ በኋላ ከታቢ መጥራት ፋይዳው ጥቂት ነው፤ ክትባቱ መከላከያ ለማስገኘት ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል፣ ከቤት ቤት የሚዞረው ከታቢም ራሱ በእጁና በጫማው በሽታውን ሊያዛምት ይችላል።

ስለዚህ ቄብ የሚያከፋፍል ሁሉ፣ መንግሥታዊም ሆነ የግል፣ የክትባቱን ዓይነት፣ የተሰጠበትን ቀንና መንገድ እንዲሁም የብልቃጡን ቁጥር የያዘ ወረቀት ከዶሮዎቹ ጋር እንዲያስረክብ የሚመለከታቸው አካላት እንዲያስገድዱ በጋዜጣዎ በኩል እጠይቃለሁ። ገዢዎችም ይህ ወረቀት ካልተሰጣቸው ገንዘባቸውን እንዳይቆጥሩ እመክራለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረተኛ የእንስሳት ጤና ባለሙያ፣ ከምሥራቅ ሸዋ