ለሞተ ሰው የሚበቃው ማኅተም ለቁም ሰው ለምን አነሰ?

ለወረዳችን ዋና ሥራ አስፈጻሚ ጽሕፈት ቤት
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ሰፈራችንን ለአርባ ሁለት ዓመት በነጻ ላገለገሉ አዛውንት የተጠየቀው የምስጋና ደብዳቤ ስለመከልከሉና ስላልተመለሱት ሦስት ወንበሮች

ክቡር ሥራ አስፈጻሚ፣

ይህን ጉዳይ በግልጽ ደብዳቤ ያቀረብኩት ሌላውን መንገድ ሳልሞክር ቀርቼ አይደለም። የመጀመሪያው ማመልከቻችን በኅዳር 2017 ዓ.ም. በመዝገብ ቤታችሁ ገቢ ሆኗል፤ ሁለተኛው በየካቲት፣ ሦስተኛው በሰኔ። በመካከሉ ሰባት ጊዜ በአካል ቀርቤ አራት ጊዜ «ስብሰባ ላይ ናቸው»፣ ሁለት ጊዜ «ፋይሉ አልተገኘም»፣ አንድ ጊዜ ደግሞ «ሲስተም የለም» ተብያለሁ። የምስጋና ደብዳቤ ለመጻፍ የትኛው ሲስተም እንደሚያስፈልግ እስከ ዛሬ አልገባኝም። በሕንፃችሁ መግቢያ የተለጠፈው የዜጎች ቻርተር በጽሑፍ ለቀረበ ጥያቄ በስንት ቀን መልስ እንደሚሰጥ ምን እንደሚል፣ የሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 12 ስለ መንግሥት አሠራር ግልጽነትና ተጠያቂነት ምን እንደሚደነግግ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ስለሚያውቁት አላስታውስዎትም።

የምጽፈው ስለ እድራችን ጸሐፊ ነው። ስማቸውን እዚህ የማላነሣው እሳቸው ስለከለከሉኝ ነው፤ እናንተ ግን በሚገባ ታውቋቸዋላችሁ፤ ፊርማቸው ያለበት ወረቀት ያልታሰረበት ፋይል በመደርደሪያችሁ ላይ ብዙ አይገኝም። የሰፈሩ ልጆች «አባ መዝገብ» እንላቸዋለን። ዕድሜያቸው ሰባ ስምንት ነው፤ አንደኛው ዓይናቸው በሞራ ተሸፍኗል፤ ሆኖም የመዋጮውን መዝገብ ለሌላ ሰው አሳልፈው አልሰጡም።

በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ አባ መዝገብ የአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበሩ። ቀን ሥራቸው ላይ ውለው ማታ ማታ በቀበሌው አዳራሽ በፋኖስ ብርሃን ጎልማሶችን ፊደል ያስቆጥሩ ነበር። ያ ዘመቻ ለአገሪቱ የዩኔስኮን ሽልማት አስገኝቶላታል፤ ለእሳቸው ያስገኘላቸው ግን ከተማሪዎቻቸው አንዷ የነበረችው እናቴ በየዓመት በዓሉ የምትልክላቸውን ድፎ ዳቦ ነው። እናቴ እስከዚያ ድረስ በአውራ ጣቷ ነበር የምትፈርመው። ከዚያ በኋላ የጣት አሻራ ቀለም ሲያቀርቡላት ትቆጣ ነበር፤ «እኔ እጽፋለሁ» ትላለች፤ ጸሐፊው እስኪሰለቸው ድረስ ጊዜ ወስዳ ስሟን ከነአባቷ ትጽፋለች።

የእድሩ ጸሐፊ የሆኑት በ1976 ዓ.ም. ነው። የእድር ጸሐፊነት ወር በገባ በመጀመሪያው እሑድ መዋጮ መመዝገብ ብቻ የሚመስለው ሰው ካለ፣ ቤቱ ሰው ሞቶበት የማያውቅ ዕድለኛ መሆን አለበት። ሌሊት የሚንኳኳው በር የእሳቸው ነው። ጥሩምባ ነፊውን ቀስቅሰው የሚልኩት፣ ድንኳኑ የትኛው ደጅ ላይ እንደሚተከል ከጎረቤት ጋር የሚስማሙት፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ወይም ከመስጊዱ ጋር የቀብሩን ሰዓት የሚቆርጡት፣ ብርድ ልብሱንና ትሪውን ቆጥረው የሚያስረክቡት እሳቸው ናቸው። ሁሉ ከተኛ በኋላ ደግሞ ከሐዘንተኞቹ አንዱን ጥግ ይዘው በለሆሳስ እየጠየቁ በማግሥቱ በቀብሩ ላይ የሚነበበውን የሟቹን የሕይወት ታሪክ ይጽፋሉ። በ2009 ዓ.ም. እናቴ ስታርፍ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ አጠገቤ ተቀምጠው የጠየቁኝን አልረሳውም። «የተወለደችበትን ቀን ተዪው፤ ምን ትወድ እንደነበር ንገሪኝ» ነበር ያሉኝ።

በ1990ዎቹ ኤች አይ ቪ ሰፈራችንን ሲያራቁት፣ ሰው አስክሬን ለመገነዝ እጁን በሰበሰበበት ጊዜ፣ ከገናዡ ጋር ወደ ውስጥ የሚገቡት እሳቸው ነበሩ። በጠቅላላ ጉባኤ ቆመው «አባላችን እስኪሞት ድረስ የምንጠብቀው ለምንድን ነው?» ብለው ተከራክረው፣ የታመመ አባል በቁሙ የሚረዳበት አንቀጽ በመተዳደሪያ ደንባችን እንዲገባ አድርገዋል። በአዲስ አበባ ብዙ እድሮች በዚያ ዘመን ይህን መሰል ለውጥ አድርገዋል፤ በእኛ እድር ግን ሐሳቡ ሁለት ጊዜ ወድቆ በሦስተኛው የጸደቀው በእሳቸው ትዕግሥት ነው። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ሲከለከል፣ ድንኳን መትከል ቀርቶ ለቅሶ መድረስ ሲያስፈራ፣ በየበሩ ከውጭ ቆመው እየተጣሩ ሥራ ለቆመባቸው የቀን ሠራተኞች ዱቄትና ዘይት የሚያሰባስቡትም እኚሁ ሰው ነበሩ። ለዚህ ሁሉ አንድ ብር አበል ተቀብለው አያውቁም። ከመዝገባችን ማረጋገጥ ይቻላል፤ የጻፉት እሳቸው ቢሆኑም በየዓመቱ የመረመረው የሒሳብ ኮሚቴ ሌላ ነው።

አሁን ወደ መልሳችሁ ልምጣ።

በሐምሌ 2017 ዓ.ም. ከጽሕፈት ቤታችሁ የተጻፈልን ደብዳቤ አራት መስመር ነው። «አገልግሎቱ በሕጋዊ ማስረጃ ያልተደገፈ ከመሆኑም በላይ የድጋፍ ደብዳቤው የመጣው አመልካቹ ራሳቸው ጸሐፊ ከሆኑበት እድር በመሆኑ የጥቅም ግጭት ያለበት ስለሆነ ጥያቄውን ለማስተናገድ የምንቸገር መሆኑን እንገልጻለን» ይላል። በመጀመሪያ ደረጃ አመልካቹ እሳቸው አይደሉም፤ እኛ ነን፤ አንድ መቶ አሥራ ስድስት ሰዎች ፈርመናል። ድጋፉን የፈረሙትም የእድሩ ዳኛና ገንዘብ ያዡ ናቸው። ማመልከቻውን ያነበበው ባለሙያ ይህን ያላየው የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ አይቶ ከሆነ፣ ቢያንስ የመጀመሪያውን ገጽ በማየቱ ላመሰግነው እወዳለሁ።

ያንገበገበኝ ግን ይህ አይደለም። አንድ ነዋሪ ወላጁ ሞቶበት የወራሽነት ጉዳይ ይዞ ሲመጣ «ከእድር ደብዳቤ አምጣ» የምትሉት እናንተ ናችሁ። ያ ሰው ወደ አባ መዝገብ ይሄዳል፤ እሳቸው የቆየውን መዝገብ ገልጠው ሟቹ የሞተበትን ቀን፣ ማን እንደቀበረው፣ ልጆቹ እነማን እንደሆኑ አይተው ይጽፉለታል፤ ማኅተሙ ይመታል፤ እናንተም ትቀበላላችሁ። አገር አቀፉ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የተጀመረው በሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ከሰፈራችን ማን መቼ እንደሞተ ለማወቅ ስትፈልጉ የምትልኩት ወደ ማን እንደነበር አብረን እናውቃለን። ቤትና ቦታ የተላለፈው፣ የባንክ ሒሳብ የተከፈተው፣ ወላጅ አልባ ሕፃን ለአያቱ የተሰጠው በዚያ መዝገብና በዚያ ማኅተም ነው። ያን ጊዜ የጥቅም ግጭት አልነበረም። ያው ማኅተም፣ ያው ቢሮ፣ ያው ጠረጴዛ ላይ፣ አንድ ሕያው ሰው ጎረቤቶቹን በቅንነት ማገልገሉን ሲመሰክር ግን ሕጋዊ ማስረጃ መሆኑ ቀረ። ይህን ልዩነት የሚያስረዳ መመሪያ ካለ ቁጥሩንና ቀኑን እንዲገልጹልኝ እጠይቃለሁ፤ ከሌለ ደግሞ መልሱን የፈረመው ኃላፊ በምን ላይ ተመሥርቶ እንደፈረመ እንዲያስረዳን ያድርጉ።

በቃል የተሰጠኝ መልስም አለ። አንዲት ባለሙያ «እንደ አበበች ጎበና ያለ ትልቅ ሥራ ቢሆን እኮ ምንም ችግር አልነበረም» ብላኛለች። ክብርት ዶክተር አበበች በረኃቡ ዘመን ከግሸን ማርያም ጉዞ ሲመለሱ ሕፃናት ይዘው ወደ ገዛ ቤታቸው ሲገቡ የደገፋቸው ወረቀት አልነበረም፤ እንዲያውም በዚያው ምክንያት ቤታቸውን ጥለው ለመውጣት ተገደዋል። ትልቅነታቸው የታየው ኋላ ነው። ደግሞስ እኛ መቼ ሐውልት ጠየቅን? የጠየቅነው በጽሕፈት ቤቱ ራስጌ ወረቀት ላይ የተጻፈ፣ አንድ ገጽ የማይሞላ የምስጋና ደብዳቤ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የማነሣው በመስከረም ወር በወረዳው ሜዳ ላይ በተደረገው የክረምት በጎ ፈቃድ አገልግሎት ማጠቃለያ ላይ የሆነውን ነው፤ እርስዎም መድረክ ላይ ስለነበሩ ዝርዝሩን ያረጋግጣሉ። ለዝግጅቱ አንድ መቶ ሃምሳ ወንበርና ሁለት ድንኳን ከእድራችን በደብዳቤ ወስዳችኋል። (ለዚህ ደብዳቤ መልስ የሰጠነው በዚያው ዕለት መሆኑን በትሕትና አስታውሳለሁ።) አባ መዝገብ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ተገኝተው ወንበሮቹን ቆጥረው አስረከቡ። ከዚያ ደክሟቸው ከፊተኛው ረድፍ በአንዱ ላይ ተቀመጡ። ባጅ ያንጠለጠለ አንድ አስተባባሪ መጥቶ «አባት፣ ይህ የእንግዳ ቦታ ነው፤ ወደ ኋላ ይበሉ» አላቸው። እሳቸውም «እሺ ልጄ» ብለው ተነሡ። የተነሡበት ወንበር ከጀርባው የእድራችን ስም በቀይ ቀለም ተጽፎበታል፤ እግሩ ተሰብሮ ባለፈው ፋሲካ በራሳቸው ገንዘብ ያስበየዱት ነው።

የምስክር ወረቀት የተሰጣቸው ሰዎች ስም ሲነበብ ሰማሁ። ከእነሱ መካከል ሙሉ ክረምት ጭቃ ያቦኩና የአቅመ ደካሞችን ቤት ያደሱ ወጣቶች ነበሩ፤ የእነሱ ይገባቸዋል፤ ቢያንሳቸው እንጂ አይበዛባቸውም። ነገር ግን አንድ ቀን ጠዋት አዲስ ቲሸርት ለብሰው፣ ቆርቆሮ በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ፎቶ ተነሥተው የሄዱ ኃላፊዎችም ስማቸው ከነማዕረጋቸው ተጠርቷል። የእነሱ አገልግሎት በምን ሕጋዊ ማስረጃ እንደተረጋገጠ ባውቅ ደስ ይለኛል። ማስረጃው ፎቶው ከሆነ፣ አባ መዝገብ የተነሡት ፎቶ ለመታወቂያ ብቻ ስለሆነ በዚህ በኩል እንደሚሸነፉ አስቀድሜ አምናለሁ።

ማታ ወንበሮቹ ሲመለሱ አንድ መቶ አርባ ሰባት ናቸው። አንድ ጊዜ ቆጠሩ፤ ደገሙ፤ በሦስተኛው እኔን አስቆጠሩኝ። ከዚያ መነጽራቸውን አድርገው መዝገቡ ላይ «ሦስት ወንበር ጎደለ፤ ለወረዳው ይጠየቅ» ብለው ጻፉ። ስለ ተነሡበት ወንበር የጻፉት ነገር የለም። እኔ ግን እየተናደድኩ ስመለከታቸው ገብቷቸው፣ «ልጄ፣ ደብዳቤውን ተዪው፤ ወንበሮቹን ግን ጠይቂልኝ፤ የሕዝብ ንብረት ነው» አሉኝ።

ስለዚህ እጠይቃለሁ። በሐምሌ የጻፋችሁት መልስ ተሽሮ ከፋይላችን እንዲወጣልን እንፈልጋለን፤ ምክንያቱም «የጥቅም ግጭት» የሚል ቃል ከእኚህ ሰው ስም ጎን ተጽፎ መዝገብ ቤት ውስጥ እንዲቀመጥ አንፈቅድም። የምስጋና ደብዳቤውን በተመለከተ ፈቃዱ የእናንተ ነው፤ ብትጽፉት አንድ ዓይናቸው እያየ ሳለ ቢደርሳቸው ይሻላል። እሳቸው የአንድ ሺህ ሰው ያህል የሕይወት ታሪክ ጽፈዋል፤ የእሳቸውን ማን እንደሚጽፈው በሰፈሩ እስካሁን አልተወሰነም፤ የጽሕፈት ቤታችሁ ተወካይ ያን ቀን የአበባ ጉንጉን ይዞ ለመምጣት ካሰበ ግን ከአሁኑ እንዲተወው በአባላቱ ስም አሳውቃለሁ።

ወንበሮቹ ግን በፈቃድ የሚሆኑ አይደሉም፤ የእድሩ ናቸው። በተቻለ መጠን እስከ ቅዳሜ ይመለሱ። አባ መዝገብ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ እድሩ ቤት ይገኛሉ፤ ቆጥረው ይረከባሉ፤ ደረሰኝም ይሰጣሉ።

ከሰላምታ ጋር
አንዲት የወረዳው ነዋሪና የእድሩ አባል

ግልባጭ፦
ለክፍለ ከተማው ዋና ሥራ አስፈጻሚ ጽሕፈት ቤት
ለክፍለ ከተማው ቅሬታ ሰሚ
ለእድሩ መዝገብ