ደሙን ያየሁት መፋቂያዬ ላይ ነው

ውድ አዘጋጅ፣

ባለፈው ሳምንት በጤና ዓምዳችሁ ስለ ድድ ሕመም የወጣውን ጽሑፍ ሁለቴ አነበብኩት። ነጭ ሽንኩርት ወቅጣችሁ ድዳችሁ ላይ አድርጋችሁ እደሩ ይላል። እባካችሁ ይህቺን ምክር አርሟት። ጥሬ ነጭ ሽንኩርት ያቃጥላል። ታናሽ እህቴ እንዲሁ አድርጋ ድዷ ነጣ፣ ተላጠ። ሳምንት ሙሉ በአጥሚት ከረመች።

እኔ የ54 ዓመት ሴት ነኝ፣ የጎንደር ገጠር ልጅ። በ13 ዓመቴ ድዴን ተነቀስኩ። በመርፌ እየወጉ ጥላሸት ያስገቡበታል። ድድ ያጠነክራል፣ ጥርስን ነጭ አድርጎ ያሳያል ይሉን ነበር። እውነት ነው፣ ያምራል። ግን የታመመ ድድ መጀመሪያ ይቀላል። የእኔ ጠቁሮ ስለነበር መቅላቱ አልታየኝም። የነገረኝ ደሙ ነው፤ እሱንም መፋቂያዬ ላይ አየሁት።

ከዚያ በኋላ ያልሞከርኩት የለም። ቅርንፉድ ያዝኩበት። ሕመሙ በረድ አለልኝ፤ ለካ ማደንዘዙ ነው። በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጬ ተጉመጠመጥኩ። ያስታግሳል፣ ዛሬም አልተውኩትም። ትልቁ ስህተቴ ሌላ ነው። እንዳይደማ ብዬ ያንን ቦታ መፋቅ ተውኩ። ድዱን የሚያደማው ግን ጥርስና ድድ መሀል የሚከማቸው ቆሻሻ ነው። ሲተዉት ይጋገራል፣ ድንጋይ ይሆናል። አንዴ ድንጋይ ከሆነ ቅጠልም ጨውም መፋቂያም አያነሳውም። ሐኪም በመሣሪያ ፍቆ ነው የሚያወጣው። ዝም ካሉት ደግሞ ጥርሱን የያዘው አጥንት ድረስ ይዘልቃል።

የታች ጥርሴ ሲነቃነቅ ሄድኩ። ሐኪሟ ጥርሴን ከማጠቧ በፊት ስኳር አለብሽ ወይ አለችኝ። እኔ እንጃ አልኳት። ስመረመር አለብኝ። ስኳሩ ድዱን ያባብሳል፣ የታመመው ድድም ስኳሩ አልወርድ እንዲል ያደርጋል አለችኝ። ከጎረቤቶቼ ይህን የሚያውቅ አንድም አላገኘሁም።

መፋቂያን ግን አትንኩብኝ። የዓለም ጤና ድርጅት ራሱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1986 እንጨቱ የሚገኝበት አገር ሰው እንዲጠቀምበት አበረታቷል። የወይራም ሆነ የክትክታ፣ ጫፉን አኝኮ ማለስለስ፣ ያረጀውን በየቀኑ መቁረጥ፣ ከድድ ወደ ጥርሱ ጫፍ መፋቅ ነው። እኛ የፊት የፊቱን ብቻ ነው የምናነጣው። የእኔዋ ጥርስ የተጎዳችው በምላስ በኩል ነበር። አልተረፈችም፣ ተነቀለች።

በሚቀጥለው እትማችሁ የጥርስ ሐኪም አስጽፉልን። መፋቂያው ላይ ደም ያየ ሰው ስኳሩንም ይለካ ብላችሁ ጻፉ።

አንባቢያችሁ
ከጉለሌ፣ አዲስ አበባ