ውሉስ ይፍረስ፣ ብሩስ?

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ፍርድ ቤቶች የመሬት ሽያጭ ውል ለምን አያስፈጽሙም ብላችሁ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ቅሬታው ይገባኛል። ግን ፍርድ ቤት ምን ያድርግ? የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም ይላል። የሚሸጠው መሬቱ ላይ ያለው ቤት ነው፤ እሱም በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1723 መሠረት በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ አለበት። ዳኛው ይህን እያወቀ «ሻጭ ቦታውን ያስረክብ» ብሎ እንዲፈርድ መጠበቅ ከንቱ ነው።

እኛ ጎንደሮች ደግሞ እናውቅበታለን። ባዶ ቦታ ይሸጥና ውሉ ላይ «ቤት» ተብሎ ይጻፋል። ወደ አዘዞና ወደ ጠዳ ዞር ዞር ብላችሁ እዩ፤ ጥቂት የባሕር ዛፍ ግንድ ተተክሎ፣ ቆርቆሮ ጣል ተደርጎበት፣ ሌሊቱን የቆመች የጨረቃ ቤት አለች አይደል? እሷ ናት «መኖሪያ ቤቱ»። እሷም ካልተቻለች ውሉ ስጦታ ይሆናል፣ ወይ ብድር፣ ወይ የረጅም ጊዜ ኪራይ። ገበሬው ትናንት ለተዋወቀው ነጋዴ «ስለተንከባከበኝ» ብሎ መሬት ሲሰጥ ማንም አይገርመው።

የጎረቤቴን ውል አይቼዋለሁ። ቀብዱ ተጽፏል፣ ቀሪው ክፍያ ተጽፏል፣ እማኞች ፈርመዋል። መጨረሻው ላይ ውሉን ያፈረሰ ለመንግሥት ይህን ያህል፣ ውሉን ላከበረ ይህን ያህል እንደሚከፍል ይልና «ውሉ በፍ/ብ/ሕ/ቁ 1731 እና 2005 መሠረት በሕግ ፊት የጸና ነው» ብሎ ይዘጋል። ይህችን መዝጊያ ውል ጸሐፊዎቻችን በቃላቸው ይዘዋታል። 1731 ግን የሚያጸናው በሕግ አግባብ የተቋቋመ ውልን ነው እንጂ የተጻፈን ሁሉ አይደለም! ጸሐፊው ይህን አጥቶት ነው? ገዢው ግን ቁጥር ሲያይ ልቡ ይረጋል፣ ብሩን ይቆጥራል፣ ማኅተም ያለበት ወረቀቱን ሳጥን ውስጥ ይቆልፋል።

በዚህ ከተማ መሬት መሸጥ አዲስ ነገር አልነበረም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ሪም የሚባለው የቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች መሬት ሲሸጥ በጎንደር ደብሮች መጻሕፍት ባዶ ገጽና ኅዳግ ላይ ከነዋሱ ከነእማኙ ይመዘገብ ነበር። የዛሬው እማኝ ችሎት ሲጠራ «ፈርም ስላሉኝ ፈረምኩ» ነው የሚለው።

ወደ ነገሬ ልመለስ። መንገድ ይወጣል፣ መብራት ይገባል፣ ዋጋው ይንራል። ያኔ ሻጩ ወይም ልጆቹ «ውሉ ሕገ ወጥ ነው፣ ይፍረስልን» ብለው ይከሳሉ። ውሉ ይፈርሳል፤ መፍረሱም ልክ ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ገዢው ያኔ የከፈላት ብር በቁጥሯ ትመለስለታለች። ድሮ ቦታ የገዛ ብር ዛሬ የአንዲት ክፍል ቆርቆሮም አይሸፍንም። ሻጩ በራሱ ጥፋት ሁለት ጊዜ ይበላል ማለት ነው፤ መጀመሪያ ብሩን፣ ቀጥሎ ከነጭማሪው መሬቱን።

ሕጉ እኮ እንዲህ አይልም። ቁጥር 1815 ውል ሲፈርስ ተዋዋዮቹ በተቻለ መጠን ውሉ ባይደረግ ኖሮ ይኖሩበት ወደነበረው ሁኔታ ይመለሱ ነው የሚለው። ብሩ ሻጩ እጅ ባይገባ ኖሮ ገዢው ይሠራበት ነበር። ቢያንስ ሕጉ የሚያውቀው 9 በመቶ ዓመታዊ ወለድ ይታሰብለት፤ እሱም የኑሮ ውድነቱን አይደርስበትም። ለሠራው ቤት ያወጣውም ወጪ ተገምቶ ይከፈለው። ያኔ ውል ለማፍረስ የሚሮጠው ሻጭ ቆም ብሎ ያስባል።

ገበሬውን ብቻ ግን አልወቅስም። ከተማው እየሰፋ መጥቶ መሬቱን በካሳ ሊወስድበት እንደሚችል ያውቃል፤ በካሳው ስለማይተማመን ቀድሞ መሸጡን ይመርጣል። ደላላው ይህችን ፍርሃት ያውቃታል። ቤቱ ድረስ ሄዶ «ወንድሜ፣ ነገ በነፃ ከሚወስዱብህ ዛሬ ሽጠው» ይለዋል። ውሉ ሲፈርስ ደላላውም ጸሐፊውም ኮሚሽናቸውን ሲመልሱ አላየሁም። ችሎትም አይጠሩ።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጽሑፋችሁ ዳኞቹን ትታችሁ ፍርድ ቤት በር ላይ ጠረጴዛ ዘርግተው ውል የሚጽፉትን ጠይቁልን። ባዶ ቦታ መሆኑን እያወቃችሁ «ቤት» ብላችሁ የምትጽፉት ለምንድን ነው በሏቸው።

አንባቢያችሁ፣ ከጎንደር