ሁለት ቀን ብቻ ላለው እንግዳ አዲስ አበባን ከላይ ወደ ታች አሳዩት

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

ይሄን ደብዳቤ ምጽፈው በየበዓሉ ሰሞን በየቤቱ ስለሚያጋጥም ነገር ነው። ከአሜሪካ ከእስራኤል ከዱባይ ሚመጣ ዘመድ አለ፣ ከደሴ ከጎንደር ለሰርግ ወይ ለሕክምና ብሎ ሚመጣ አለ፣ በአየር መንገዳችን ትራንዚት ሆኖ አንድ ሌሊት ምናምን ሚያድር የውጭ ዜጋም አለ፣ ሁሉም ጊዜ የላቸውም፣ ቢበዛ ሁለት ቀን ነው። እና እኛ ምን እናረጋለን? ቦሌ ወስደን ሞል እናስገባቸዋለን፣ ማታ መብራት ያሸበረቀበት መንገድ ላይ ፎቶ እናነሳቸዋለን፣ ክትፎ እንጋብዛቸዋለን፣ ከዛ ኤርፖርት። ያ ሰው ተመልሶ ሄዶ አዲስ አበባ እንዴት ነበረች ሲሉት ተለውጣለች፣ ፎቅ በፎቅ ሆናለች ከማለት ሌላ ሚያወራው የለውም። ይሄ በጣም ያሳዝነኛል።

ደግሞ አለ ሁሉንም በአንድ ቀን ላሳይ ብሎ ሚነሳ። ጠዋት እንጦጦ፣ ከዛ መርካቶ፣ ከዛ አንድነት ፓርክ፣ ከዛ ሙዚየም፣ ማታ ባህላዊ ምግብ ቤት፣ የቀኑ ግማሽ መንገድ ተዘጋግቶ መኪና ውስጥ ያልቃል፣ እንግዳው ያየው የታክሲውን መስታወት ነው። አንዳንድ አስጎብኚዎችም እንደዚ ነው ፕሮግራም ሚያወጡት፣ በየቦታው ሃያ ደቂቃ ሃያ ደቂቃ።

እኔ ተወልጄ ያደግኩት ስድስት ኪሎ ነው፣ እንግዳ ሲመጣብኝ ሁሌ ማረገው አንድ ነገር ነው፣ ለሌላውም ይጠቅማል ብዬ ነው። ከተማዋን በአንድ መስመር አሳዩ። ከእንጦጦ ተነስታችሁ ሽሮ ሜዳ፣ ስድስት ኪሎ፣ አምስት ኪሎ፣ አራት ኪሎ፣ ፒያሳ፣ ቸርችል ጎዳና፣ ለገሃር። በቃ። መስመሩ ከሞላ ጎደል ቁልቁለት ስለሆነ እናቶችም ቀስ እያሉ ይወርዱታል፣ ከስድስት ኪሎ እስከ ለገሃር አምስት ስድስት ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ከተማዋ ራሷ እኮ የወረደችው በዚ አቅጣጫ ነው። ምኒልክና ጣይቱ መጀመሪያ የከተሙት ላይ እንጦጦ ነበር፣ እቴጌ ፍል ውሃውን ወደውት በ1879 ዓ.ም. ታች ሜዳው ላይ ከተማ ተቆረቆረ፣ ከዛ ባቡሩ ከጅቡቲ ሲመጣ ለገሃር ላይ ቆመ። ስለዚህ ሰው ይሄን መንገድ ሲወርድ ማንም ባያስረዳው እንኳ ከተማዋ እንዴት እንደተሰራች ይገባዋል።

እንጦጦ በጠዋት ነው መሄድ፣ ሁለት ሰዓት ላይ ብትደርሱ ጥሩ ነው፣ በተለይ ሐምሌና ነሐሴ ከሆነ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ስለሆነ። ተራራው ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ ከባህር ጠለል አካባቢ የመጣ ሰው ራሱን ሊያመው ይችላል፣ ውሃ በደንብ አጠጡት አታሩጡት። ብዙ ሰው አሁን ሚሄደው በ2013 ዓ.ም. ወደተከፈተው ፓርክ ነው፣ ፓርኩ ያምራል፣ ግን እባካችሁ እንጦጦ ማርያምን ሳታሳዩ አትውረዱ። ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ተብለው የነገሡት እዛ ነው፣ በ1882 ዓ.ም.። ቤተ መንግሥታቸውም እዛው ጎን አለ፣ ስታዩት ትገረማላችሁ፣ የጭቃና የእንጨት ቤት ነው፣ አድዋ የዘመተ ንጉሥ እንደዚ አይነት ቤት ውስጥ ይኖር ነበር ስትሏቸው ልጆች ዝም ብለው ነው ሚያዩት። ባህር ዛፉንም ዝም ብላችሁ አትለፉት። ያ ዛፍ የአገራችን አይደለም፣ በምኒልክ ዘመን ከውጭ የመጣ ነው፣ በዛን ጊዜ ማገዶ አልቆ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ሁሉ ታስቦ ነበር፣ ባህር ዛፍ ቶሎ ስለሚያድግ ነው አዲስ አበባ እዚሁ የቀረችው። ከዛ ጫካ ጭራሮ ተሸክመው ሲወርዱ የኖሩ እናቶች ናቸው ይሄን ከተማ ያበሰሉት፣ ይሄ ለእንግዳ መነገር አለበት።

ሽሮ ሜዳ ላይ አትቆዩ፣ ወይም ሚገዛ ካለ በመጨረሻው ቀን ተመለሱ፣ ነጠላና የሐበሻ ቀሚስ ፈላጊ እዛ ከገባ ግማሽ ቀን ነው ሚወስደው።

ስድስት ኪሎ ላይ ግን ጊዜ ስጡ። ሰፈሬ ስለሆነ አይደለም። የዩኒቨርስቲው ዋና ግቢ ድሮ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር፣ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት እዛ ግቢ ውስጥ ነው፣ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም.። ከዛ በኋላ ሶስት ቀን ሙሉ በከተማው ላይ የወረደውን ታውቁታላችሁ፣ የኢትዮጵያ መንግሥት በኋላ ያቀረበው ቁጥር 30 ሺህ ሰው ነው። ሐውልቱ ከግቢው በር ወጣ ስትሉ አደባባዩ ላይ ቆሟል። እኛ በታክሲ እየዞርነው ነው ምናልፈው፣ ወርዳችሁ ከስሩ ያሉትን ቅርጻ ቅርጾች እዩአቸው፣ ሰው ሲታረድ ቤት ሲቃጠል ሁሉም አለ። ግቢው ውስጥ ደግሞ ከቤተ መንግሥቱ ፊት ለፊት ወደ ሰማይ ሚጠመዘዝ፣ የትም ማያደርስ የሲሚንቶ ደረጃ አለ። ፋሺስቶች ሮም ላይ ስልጣን ከያዙ ጀምሮ ያለውን እያንዳንዱን ዓመት በአንድ ደረጃ እየቆጠሩ የሰሩት ነው፣ እና ከጫፉ ላይ አሁን የይሁዳ አንበሳ ተቀምጧል። ደረጃውን ሳያፈርሱ አንበሳ ከላዩ ማስቀመጥ ያሰቡትን ሰዎች በጣም ነው ማደንቃቸው።

ቤቱ ውስጥ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም አለ፣ ለኔ በከተማው አንደኛ ነው። የተደራጀው በብሔረሰብ በብሔረሰብ ሳይሆን በሰው ልጅ ዕድሜ ነው፣ ከልደት ትጀምራላችሁ፣ ልጅነት፣ ጋብቻ፣ ሥራ፣ እያለ እስከ ቀብር። የአፄ ኃይለሥላሴ መኝታ ቤትና መታጠቢያ ቤትም እንዳለ ነው። በታህሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ባለሥልጣናቱ የተረሸኑት እዚሁ ቤት ውስጥ ነበር፣ ንጉሡ ከዛ በኋላ ቤቱን ለትምህርት ሰጡት። አንድ ቤት ውስጥ ይሄን ሁሉ ሚያገኝ እንግዳ ለምን ሞል ውስጥ ይዋል?

አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ለመድረስ አስር ደቂቃ እርምጃ ቢሆን ነው። ድንቅነሽን ሁሉም ያውቃል፣ ኅዳር 1967 ዓ.ም. ሐዳር የተገኘችው፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት። መስታወቱ ውስጥ ምናየው ቅጂዋን መሆኑን ለእንግዳው ቀድማችሁ ንገሩት፣ ዋናው አጥንት ጥንቃቄ ስለሚፈልግ ለብቻው ነው ሚቀመጠው፣ ሳይነገረው በኋላ የሰማ ሰው የተታለለ ይመስለዋል። ሰላምንም አትርሱ፣ ዲኪካ የተገኘችውን የ3.3 ሚሊዮን ዓመት ሕፃን፣ እሷን ያገኛት የራሳችን ልጅ ዶክተር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ ነው። ላይኛው ፎቅ ስዕሎቹን አይቶ መውረድ ነው።

አራት ኪሎ ላይ ለምሳ ቁጭ በሉ፣ ረቡዕና አርብ ከሆነ የጾም በያይነቱ በየቤቱ አለ፣ የውጭ ዜጋ ሥጋ ማይበላ ከሆነም ከኛ አገር የተሻለ አያገኝም። ከምሳ በኋላ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል። የአፄ ኃይለሥላሴና የእቴጌ መነን መቃብር ውስጥ ነው፣ የንጉሡ አፅም እዛ ያረፈው በ1993 ዓ.ም. ነው፣ ከሞቱ ከስንት ዓመት በኋላ። ግቢው ውስጥ ቀስ ብላችሁ ዙሩ፣ አርበኞች አሉ፣ ሎሬት ጸጋዬ አለ፣ ለኢትዮጵያ ነፃነት እንግሊዝ አገር ሆና ስትጮህ የኖረችው ሲልቪያ ፓንክረስትም እዛው ናት። የእንግሊዝ እንግዳ ካላችሁ እሷ መቃብር ጋ ውሰዱት፣ ብዙዎቹ አያውቁም።

ፒያሳ። እዚ ላይ ትንሽ ልዘግይ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ፒያሳ የቀረ ምን አለ ሚል ሰው በዝቷል፣ ዶሮ ማነቂያ ፈርሷል፣ ብዙ የምናውቃቸው ቤቶች የሉም፣ እኔም ያ ሁሉ ቡና ቤትና ስጋ ቤት የነበረበትን ሳልፍ ይከብደኛል። ግን የቀረውን እንደሌለ አርጎ ማውራት ትክክል አይደለም። ቅዱስ ጊዮርጊስ አለ፣ ንግሥት ዘውዲቱም አፄ ኃይለሥላሴም ዘውድ የጫኑበት፣ ውስጡ የአፈወርቅ ተክሌ ሥራዎች ያሉበት። የምኒልክ ሐውልት አለ፣ በ1923 የቆመው፣ ጣሊያን ነቅሎ ቀብሮት ከነፃነት በኋላ ወጥቶ ተመልሶ የቆመው። አጠገቡ በየካቲት 2016 የተመረቀው የአድዋ ድል መታሰቢያ አለ፣ ሰፊ ነው፣ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ያስፈልገዋል፣ ከደከማችሁ ለነገ አቆዩት። ትንሽ ወረድ ስትሉ አቡነ ጴጥሮስ፣ በ1928 ጣሊያን የረሸናቸው ጳጳስ፣ ሐውልታቸው ለባቡር ሥራ ተብሎ በ2005 ተነስቶ ከሦስት ዓመት በኋላ ነው የተመለሰው። ጣይቱ ሆቴልም አለ፣ ከ1898 ዓ.ም. ጀምሮ፣ በ2007 እሳት ተነስቶበት ተርፎ፣ እዛ እንጨት ወለሉ ላይ እየተራመዱ ቡና መጠጣት ነው። ቶሞካም ቆሞ ሚጠጣ ማኪያቶ አለ። የውጭ ሰው ሁለቱንም ይወዳል።

ከዛ ከማዘጋጃ ቤቱ ፊት ለፊት ቸርችልን ቁልቁል ነው። ከላይ ቆማችሁ ወደ ታች ስታዩ እስከ ለገሃር ድረስ ቀጥ ብሎ ይታያል፣ ፎቶ ማንሳት ከፈለጉ እዛ ያንሱ። በጥቁር አንበሳ፣ በትግላችን ሐውልት አርጋችሁ ብሔራዊ ቴያትር ጋ ስትደርሱ የድንጋዩን አንበሳ ታገኛላችሁ፣ ለንጉሡ 25ኛ ዓመት የዘውድ በዓል በ1948 የተሠራ። ታች ለገሃር ደግሞ ሌላ አንበሳ አለ፣ ጣሊያን ዘርፎ ሮም ወስዶት ነበር፣ ዘርዓይ ድረስ የተቆጣለት አንበሳ ማለት ነው፣ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው ቤቱ የገባው። ከጀርባው ያለው ጣቢያ በ1921 የተሠራ ነው፣ ባቡሩ ከተማው የደረሰው ግን ከዛ በፊት በ1909 ነው። አሁን የጅቡቲ ባቡር ተሳፋሪ ሚጭነው ከለቡ ስለሆነ ድሮ ጣቢያው ፀጥ ብሏል፣ ግን ሕንፃው ይታያል።

ይሄ አንድ ቀን ነው። ሁለተኛ ቀን ላለው፣ ጠዋት አንድነት ፓርክ፣ ከዛ መስቀል አደባባይ የቀይ ሽብር ሰማዕታት ሙዚየም፣ እሱ ከባድ ነው ሕፃን ይዛችሁ አትግቡ፣ ከዛ ብዙም ማይርቀው አፍሪካ አዳራሽ፣ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በ1955 የተመሠረተበት፣ የአፈወርቅ ተክሌ ትልቁ የመስታወት ሥዕል ያለበት፣ አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል እንጂ ዝም ብሎ አይገባም። መርካቶን በተመለከተ ከብዙ ሰው አልስማማም፣ ሁለት ቀን ላለው ሰው አልመክርም፣ መርካቶ ሚያውቀው ሰው ይዞ ሙሉ ጠዋት ሚፈልግ ቦታ ነው፣ በጥድፊያ ከተገባ ግርግሩንና ስልክ እንዳይሰረቅ መፍራቱን ብቻ ይዞ ነው ሚወጣው። ትራንዚት ሆኖ ስድስት ሰባት ሰዓት ብቻ ያለው ደግሞ እንጦጦን ይተወው፣ በቀጥታ አምስት ኪሎና ስድስት ኪሎ ወስዳችሁ መልሱት፣ ለትራፊክ በቂ ሰዓት ትርፍ ያዙለት።

አሁን ለጋዜጣችሁና ለሚመለከተው ክፍል ልለምን። ለከተማው አስተዳደር፣ በዚህ መስመር ላይ እግረኛ ሚያነበው ሰሌዳ አቁሙልን፣ በአማርኛም በእንግሊዝኛም፣ እዚ ጋ ይሄ ሆነ ሚል፣ በተለይ ፒያሳ የፈረሱት ሰፈሮች ላይ ዶሮ ማነቂያ እዚ ነበር ሚል አንድ ድንጋይ ይቀመጥ፣ ከዛ ሰፈር የወጡ ሰዎች ልጆቻቸውን ይዘው ሲመጡ ሚያሳዩት ነገር ይኑራቸው። ንጹህ ሽንት ቤትም በየኪሎው ያስፈልጋል፣ ሽማግሌ ይዞ ለወጣ ሰው ይሄ ዋና ጉዳይ ነው። ለናንተ ደግሞ፣ ከበዓላት በፊት ባለው እትም ላይ የሙዚየሞቹን የመክፈቻ ሰዓትና የመግቢያ ዋጋ ለአገር ውስጥም ለውጭም ሰው እየጠየቃችሁ አንድ ሩብ ገጽ አውጡልን። ኢንተርኔት ላይ ያለው ብዙ ጊዜ ያረጀ ነው፣ ሰው በር ላይ ደርሶ ነው ዝግ ነው ሚባለው። ከገና በፊት ብታደርሱልን ደግሞ ለጥምቀት ጃን ሜዳ ለሚመጣው እንግዳ ሁሉ ይደርሳል፣ ጃን ሜዳ ከስድስት ኪሎ ሙዚየም ጎረቤት ነው።

አክባሪያችሁ
ከስድስት ኪሎ፣ አዲስ አበባ