ሯጭ ኳርተርባክ በአንድ ጠባቂ አይቆምም

ይድረስ ለጋዜጣው የስፖርት አምድ አዘጋጅ፣

በአሜሪካ ፉትቦል የባልቲሞሩን ላማር ጃክሰንንና ጄይደን ዳንኤልስን የመሰሉ ሯጭ ኳርተርባኮችን (ኳርተርባክ ኳሱን የሚወረውረው ወይም የሚያቀብለው የአጥቂው ቡድን መሪ ነው) ለማቆም አንድ ፈጣን ተከላካይ መድቦ ማስጠበቅ እንደሚበቃ በአምዳችሁ ጽፋችኋል። ሁለቱም የሚጫወቱት እኛ በምንኖርበት በሜሪላንድ ስለሆነ ነገሩ ብዙ አንባቢዎቻችሁን ይመለከታልና እርማት የሚያስፈልገው ይመስለኛል።

መነሻው ሒሳብ ነው። በየወገኑ 11 ተጫዋች ይሰለፋል። የማይሮጥ ኳርተርባክ ኳሱን ይዞ ለሚሮጠው ተጫዋች፣ ለራኒንግ ባክ፣ ካቀበለ በኋላ ቆሞ ተመልካች ነው፤ ስለዚህ ተከላካዩ ቡድን በአንድ ሰው ይበልጣል። ኳርተርባኩ ራሱ መሮጥ ሲችል ግን ያ ብልጫ ይጠፋል። ይባስ ብሎ አጥቂዎቹ በመስመሩ ጫፍ የቆመውን ተከላካይ፣ ዲፌንሲቭ ኤንድ የሚባለውን (ከዚህ በኋላ «ኤንዱ»)፣ ማንም እንዳይነካው አድርገው ይተዉታል። ኳርተርባኩ ኳሱን ራኒንግ ባኩ ሆድ ላይ እንደያዘ ዓይኑን ኤንዱ ላይ ይተክላል። ኤንዱ ራኒንግ ባኩን ልያዝ ብሎ ወደ ውስጥ ከታጠፈ ኳሱን መልሶ ይወስድና በተለቀቀው ጫፍ ይወጣል፤ ኤንዱ ቦታውን ካልለቀቀ ደግሞ ኳሱን ለራኒንግ ባኩ ይተወዋል። ኤንዱን ሊገጥም የነበረው ብሎከርም (ተከላካይን በአካሉ የሚያግደው አጥቂ) ነጻ ሆኖ ሌላ ሰው ላይ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በጥር 2013 የሳን ፍራንሲስኮው ኳርተርባክ ኮሊን ካፐርኒክ በግሪን ቤይ ቡድን ላይ 181 ያርድ ሲሮጥ ይህ ዘዴ ምን ያህል እንደሚጎዳ አገር አይቶታል።

የተለመደው መድኃኒት ኤንዱና ላይንባከሩ (ከመስመሩ ጀርባ የሚቆመው ተከላካይ) ሥራ መለዋወጣቸው ነው። ኤንዱ ሆን ብሎ ወደ ውስጥ ይገባና ራኒንግ ባኩን ይይዛል። ኳርተርባኩ ጫፉ ባዶ መስሎት ኳሱን ሲያስቀር፣ ላይንባከሩ በኤንዱ ጀርባ ዞሮ ደጃፉ ላይ ይጠብቀዋል። የሚበላሸውም እዚሁ ላይ ነው፤ ላይንባከሩ በራኒንግ ባኩ ተታሎ አንዲት እርምጃ ወደ ውስጥ ካነሳ ከዚያ በኋላ ጃክሰንን አይደርስበትም። በዚያ ላይ አጥቂዎቹ ልውውጡን ካወቁት ታይት ኤንድ ወይም ፉልባክ (ሁለቱም ለሯጩ መንገድ የሚከፍቱ አጥቂዎች ናቸው) በኤንዱ አጠገብ አልፎ ያንኑ ላይንባከር እንዲመታ ይልካሉ። ስለዚህ መልሱ በየጨዋታው መለዋወጥ አለበት። አንዳንዴ ኤንዱ ትከሻውን ከመስመሩ ጋር ትይዩ አድርጎ፣ ወደ ውስጥም ወደ ውጭም ሳይዘል በጎን እየተራመደ ማመንታት አለበት። ኳርተርባኩ ለመወሰን ግማሽ ሴኮንድ በዘገየ ቁጥር ከወዲያኛው ወገን ያሉት ተከላካዮች ይደርሳሉ።

ያልታቀደው ሩጫ፣ ማለትም ለመወርወር ወደ ኋላ አፈግፍጎ ከዚያ የሚያፈተልከው፣ ሌላ በሽታ ነው። እዚህ ጥፋቱ በአብዛኛው የአሳዳጆቹ፣ ማለትም ኳርተርባኩን ለመያዝ የሚሮጡት ተከላካዮች፣ ነው። ጫፍ ላይ ያለው ሰው ሳክ (ኳርተርባኩን ኳሱን ሳይወረውር መጣል) ሲመኝ ኳርተርባኩ ከቆመበት ጥልቀት አልፎ ይሮጣል፤ በእሱና በመሀሉ ሰው መካከልም ሰፊ በር ይከፈታል። ጫፈኞቹ ከዚያ ጥልቀት ማለፍ የለባቸውም፤ መሀለኞቹም ለመሾለክ ከመሞከር ይልቅ ብሎከራቸውን እየገፉ ወደ ኋላ መንዳት አለባቸው። ሳክ ይቀንሳል፤ ይቀንስ።

አሁን ወደ ጠባቂያችሁ እንምጣ። ይህ ሰው የሚመጣው ከ11ዱ ውስጥ ነው። አራት ሰው አሳዶ አንዱ ኳርተርባኩን ከጠበቀ ለሽፋን የሚቀሩት ስድስት ናቸው፤ ተቀባዮቹ ደግሞ አምስት ሊሆኑ ይችላሉ። ሰው በሰው ከተያዙ ከኋላ የሚረዳ አንድ ብቻ ይቀራል፤ እየሮጡ ጀርባቸውን የሰጡት ተከላካዮች ደግሞ ኳርተርባኩ መውጣቱን የሚያውቁት ከጮኸው ሕዝብ ነው። እያንዳንዱ ተከላካይ ሰው ሳይሆን ቦታ በሚጠብቅበት በዞን ሽፋን ግን ሁሉም ፊታቸውን ወደ እሱ አዙረው ስለሚቆሙ፣ ሲወጣ አንድ ሳይሆን አራት አምስት ሰው ይሰበሰብበታል። ጠባቂ የግድ ከሆነም ከውስጥ ወደ ውጭ እየገፋ ከሜዳው ዳር ጋር ያጣብቀው እንጂ ፊት ለፊት አይጋፈጠው፤ ጠባቂው በአንድ የትከሻ ማታለያ ይቀራል። ኳርተርባኩ እግሩን አስቀድሞ ከተንሸራተተ ደግሞ ጨዋታው አልቋል፤ ከዚያ በኋላ መምታት 15 ያርድ ያስቀጣል።

የቻርጀርስ ቡድን እ.ኤ.አ. በጥር 2019 በጥሎ ማለፉ ባልቲሞርን የገጠመበት ጨዋታ የተሻለ ትምህርት ይሰጣል። ከሁለት ሳምንት በፊት በዚሁ ጃክሰን 22 ለ 10 ተሸንፈዋል። በዚያ ላይ ላይንባከሮቻቸው ተጎድተውባቸው ስለነበር፣ ጨዋታውን ከሞላ ጎደል በሙሉ በሰባት የኋላ ተከላካዮች ተጫወቱ፤ አድሪያን ፊሊፕስን የመሰሉ ሴፍቲዎች (ከሁሉም ኋላ የሚቆሙ ፈጣን ተከላካዮች) በላይንባከር ቦታ ቆሙ። ጃክሰን የሚያመልጠው ዘገምተኛ ሰው አጣ። ሩጫው በ54 ያርድ ተገታ፤ ቻርጀርስ 23 ለ 3 ከመሩ በኋላ 23 ለ 17 አሸነፉ።

ዋጋውን ግን በሳምንቱ ከፈሉ። ቀጣዩ ተጋጣሚያቸው ኒው ኢንግላንድ ያኔ ሯጭ ኳርተርባክ አልነበረውም፤ ከባድ ብሎከሮቹን አሰልፎ በቀላሎቹ ሰዎች ላይ ነዳቸው። ሶኒ ሚሼል ብቻውን 129 ያርድ ሮጦ ሦስት ጊዜ አስቆጠረ፤ ውጤቱም 41 ለ 28 ሆነ። ባልቲሞርም ቢሆን በቀጣዩ ዓመት በታይት ኤንዶችና በፉልባክ የከበደ አሰላለፍ ይዞ ሲመጣ ጃክሰን 1,206 ያርድ ሮጧል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢያችሁ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ